ሕፃናትን እየሰሙ መማር፦ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ በአንድ ቀን ከሚነሡት ጥያቄዎች የብዙዎቹን መልስ መምህሩ አስቀድሞ ያውቀዋል። «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»፣ «እዚህ ስንት ኳሶች አሉ?»፣ «ትናንት የዘመርነው ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ልጁ ማወቅ አለማወቁን ያረጋግጣል እንጂ ለራሱ አዲስ ነገር አያገኝም። እንዲህ ያለው ጥያቄ የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን መምህሩ ልጆቹን የሚያውቅበት መንገድ እሱ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ዓመቱን ሙሉ አብሯቸው ውሎም የሚያውቀው ማን በትክክል እንደመለሰና ማን እንደተሳሳተ ብቻ ይሆናል። ልጆቹ ነገሮችን እንዴት እንደሚያያይዙ፣ ምን እንደሚያስጨንቃቸውና ምን ለመረዳት እየታገሉ እንደሆነ ሳያውቅ ዓመቱ ያልቅበታል።

ከዚህ በታች የቀረበው የልጆችን ንግግርና ድርጊት በጥሞና ሰምቶ፣ መዝግቦና ከባልደረቦች ጋር መርምሮ የማስተማር ሥራን በዚያው ላይ የመገንባት አካሄድ ነው። ይህ ሥራ ከምዘና ይለያል። በምዘና ቅጽ ላይ «እስከ 10 ይቆጥራል»፣ «በመቀስ ይቆርጣል» በሚለው ትይዩ ምልክት ሲደረግ የሚታወቀው ልጁ የሚችለው ነገር ነው፤ በዚህ አካሄድ የሚፈለገው ግን ልጁ የሚያስብበት መንገድ ነው። አካሄዱ አዲስ አይደለም። በእንግሊዟ ካምብሪጅ ከተማ የማልቲንግ ሃውስ ትምህርት ቤትን እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1927 የመሩት ሱዛን አይዛክስ፣ የትንንሽ ልጆችን ጥያቄ፣ ክርክርና ጨዋታ በዝርዝር እንዲመዘገብ አድርገው የልጆችን አስተሳሰብ ያጠኑት ከዚያ መዝገብ ተነሥተው ነበር። በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው በሬጆ ኤሚሊያ ከተማም የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1963 ከተከፈተ በኋላ፣ ሎሪስ ማላጉዚና አብረዋቸው የሠሩት መምህራን የልጆችን ንግግርና ሥራ መሰነድን የማስተማር ሥራው አካል አድርገውታል።

እርምጃ 1፦ መልሱን በእውነት የማያውቁትን ጥያቄ ይምረጡ

ጥናቱ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። «ልጆቹ መቁጠር ይችላሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ አይጠቅምም፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የሚያስኬድ መንገድ የለውም። የሚጠቅመው መልሱን ለማግኘት ልጆቹን መስማት የግድ የሚሆንበት ጥያቄ ነው። «በጨዋታ ላይ ማን እናት፣ ማን ሕፃን እንደሚሆን የሚወሰነው እንዴት ነው?»፣ «ውሃ ከዓይናቸው ሲጠፋ የት ሄደ ብለው ያስባሉ?»፣ «አንድ ልጅ ሲያለቅስ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ፤ ለምንስ ያንን ያደርጋሉ?» የሚሉት ለአብነት ይጠቀሳሉ።

ጥያቄ የት ይገኛል ለሚለው የእኔ ምክር፣ በየቀኑ የሚያሰለችዎትን ወይም የሚያናድድዎትን ነገር እንዲመረምሩ ነው። ሁለት ልጆች በየቀኑ በአንድ ረጅም የእንጨት ጡብ ምክንያት የሚጣሉ ከሆነ፣ የተለመደው ነገር ጠቡን አብርዶ ጡቡን በየተራ ማድረግ ነው። አጥኚ መምህር ግን ጠቡን ካበረደ በኋላ «ያ ጡብ ሌሎቹ የማይሰጡትን ምን ይሰጣቸዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ምናልባት ጣሪያ ሊሆን የሚችለው ብቸኛው ጡብ እሱ ነው፤ ምናልባትም እሱን የያዘ ልጅ ቤቱን ማን እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ሆኗል። ሁለቱ ግምቶች የሚጠይቁት መፍትሔ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ለመጀመሪያው ሌላ ረጅም ጡብ ማምጣት ይበቃል፣ ለሁለተኛው ግን አይበቃም።

ጥያቄዎን ከመረጡ በኋላ መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያስቡትን በአንድ አንቀጽ ጽፈው፣ ቀኑን አስፍረው ያስቀምጡት። ብዙዎች ይህንን ይዘሉታል፤ መዝለሉ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሰው የሚጠብቀውን ነገር ብቻ የማየት ዝንባሌ ስላለው፣ የራስዎ ግምት በወረቀት ካልሰፈረ በስተቀር ከልጆቹ የሰሙትንና እርስዎ አስቀድመው ያመኑትን በኋላ መለየት ያዳግታል።

እርምጃ 2፦ ጊዜ፣ መሣሪያና ፈቃድ ያዘጋጁ

ቀኑን ሙሉ መመዝገብ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ልጆች በነፃነት ከሚጫወቱበት ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይምረጡና በዚያ ጊዜ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ልጆች ያሉበትን አንድ ቡድን ብቻ ይከታተሉ። መሣሪያው ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ነው። ረዳት ካለዎት በእነዚያ ደቂቃዎች ሌሎቹን ልጆች እንዲይዝልዎት አስቀድመው ይስማሙ።

ድምፅ ወይም ምስል የሚቀዱ ከሆነ የወላጆችን ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ምን እንደሚቀዱ፣ ማን እንደሚሰማውና መቼ እንደሚጠፋም ይግለጹላቸው። ለልጆቹም በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው፦ «የምትሉትን እንዳልረሳው ልጽፈው ነው።» አንድ ልጅ «አትጻፊብኝ» ቢል ወይም ፊቱን ቢያዞር እርሳሱን ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ የራሱን ሐሳብ መፍጠር የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 7 ይህ መብት ለትንንሾቹ ልጆችም እንደሚሠራ አስረድቷል። መናገር የማይፈልግ ልጅ ዝምታም በዚህ ውስጥ ይካተታል ብዬ አምናለሁ።

እርምጃ 3፦ ለመስማት ቦታ ይልቀቁ

አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ጊዜ ወደ 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም የተማሪዎቹ መልስ ረዘም አለ፤ ሳይጠየቁ የሚናገሩት በዛ፤ እርስ በርስ መነጋገርና ራሳቸው ጥያቄ ማንሣትም ጀመሩ። የሮው ጥናት ያተኮረው በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ነበር፤ ቃላት ገና በሚፈልግ የ3 ወይም የ4 ዓመት ልጅ ዘንድ ግን የመጠበቅ አስፈላጊነት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ስለዚህ ልጁ ከተናገረ በኋላም ዝም ይበሉ። በልብዎ እስከ 5 ይቁጠሩ። ልጆች ዋናውን ነገር የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ በሚመጣው ዝምታ ውስጥ ነው።

ሲቀመጡ ዓይንዎ ከልጆቹ ዓይን ጋር እኩል እንዲሆን ዝቅ ይበሉ፤ ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ይልቅ ጎን ለጎን መቀመጥ ልጆቹ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ያደርጋል። መናገር ካስፈለገ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል መልሶ ማለት ከሁሉ የተሻለ ነው። ልጁ «ግንቡ ፈርቶ ወደቀ» ቢል፣ «ግንቡ ፈርቶ ወደቀ» ብለው ይጠብቁ። «ጎበዝ!» ማለት ደግ ቃል ቢሆንም በዚህ ሰዓት ንግግሩን ይዘጋዋል፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ስለ ግንቡ ሳይሆን እርስዎን ስለሚያስደስት መልስ ማሰብ ይጀምራልና። «ለምን?» የሚለው ጥያቄም ሲደጋገም ትንንሽ ልጆችን ያስጨንቃል። «እስቲ አሳየኝ»፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?»፣ «እንዴት አወቅሽ?» የሚሉት ቀለል ያሉ ናቸው።

መስማት ሲባል በጆሮ ብቻ አይደለም። ገና የማይናገር ሕፃን ማንኪያውን ከጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ ሲጥል፣ ከወደቀ በኋላ የት እንደሚመለከት ያስተውሉ። ወለሉን የሚመለከት ከሆነ ስለ ማንኪያው፣ የእርስዎን ፊት የሚመለከት ከሆነ ስለ እርስዎ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ የሕፃናትን አስተሳሰብ በተመለከተ ካቀረቧቸው ሐሳቦች ብዙዎቹ የተወለዱት የራሳቸውን 3 ልጆች እንዲህ በዝርዝር በመከታተል ነው።

እርምጃ 4፦ ያዩትን እንዳዩት ይጻፉ

ከሁሉም እርምጃዎች ብዙ ልምምድ የሚጠይቀው ይህ ነው። አብዛኞቻችን የምንጽፈው ያየነውን ሳይሆን ከዚያ ተነሥተን የደረስንበትን ፍርድ ነው። የሚከተሉትን ሁለት ማስታወሻዎች ያነጻጽሩ።

የመጀመሪያው፦ «ዛሬ ተከፍቶ ዋለ። ከጓደኞቹ ጋር መጫወት አልፈለገም።»

ሁለተኛው፦ «ሁለት ልጆች ግንብ ሲሠሩ 2 ደቂቃ ያህል ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ጡብ አንሥቶ ወደ ግንቡ ጠጋ አለ። አንደኛዋ ልጅ ቀና ሳትል ‹ቆይ፣ ይወድቃል› አለች። ጡቧን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ወደ ኋላ ተመለሰና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ጡቧን ወለሉ ላይ 4 ጊዜ አንኳኳ፤ በየመሐሉ ወደ ግንቡ ያይ ነበር።»

የመጀመሪያውን ያነበበ ባልደረባ ሊያዝንለት ይችል ይሆናል እንጂ ሊረዳው የሚችልበት ነገር አያገኝም። ሁለተኛውን ያነበበ ግን ልጁ መጫወት እንደፈለገ፣ ወደ ጨዋታው ለመግባትም መንገድ እንደሞከረ፣ «ቆይ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንደ ክልከላ ወስዶት ሊሆን እንደሚችል ያያል። የልጅቷ «ቆይ» ለግንቡ ተጨንቃ የተናገረችው እንጂ ልጁን ለማባረር ያሰበችው ላይሆን ይችላል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ማስታወሻ ውስጥ የለም። «መጫወት አልፈለገም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከእውነቱ ተቃራኒ ሆኖ በልጁ ማኅደር ውስጥ ሊቀመጥ ነበር።

በሚጽፉበት ጊዜ «አስቸጋሪ»፣ «ዓይን አፋር»፣ «ሰነፍ»፣ «ጎበዝ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ሆን ብሎ» የሚሉ ቃላት ከእርሳስዎ ጫፍ ሲመጡ ቆም ይበሉና «ይህን እንድል ያደረገኝ ምን አየሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ያ መልስ ነው የሚጻፈው። የልጆቹን ንግግር አያርሙ። «አይጦቼ መጣሁ» ያለ ልጅ «አይጦቼ መጡ» ተብሎ ከተጻፈ የተጻፈው የእርስዎ ንግግር ነው። ገጹን ለሁለት ከፍለው በአንድ በኩል የታየውንና የተሰማውን፣ በሌላው በኩል የእርስዎን ግምትና ጥያቄ ቢጽፉ ሁለቱ አይቀላቀሉም። በጨዋታው ሰዓት ቁልፍ ቃላትን ብቻ መጫር በቂ ነው፤ ሙሉውን ግን በዚያው ቀን ይጻፉት፤ ካደረ የልጁ ቃል ተረስቶ የእርስዎ ቃል ይተካዋል።

እርምጃ 5፦ ቅጂውን መልሰው ያዳምጡና በጽሑፍ ያስፍሩ

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ቪቪያን ጉሲን ፔሊ (1929–2019) የክፍላቸውን ውይይት በቴፕ እየቀዱ፣ ከክፍል በኋላ አዳምጠው በጽሑፍ ያሰፍሩ ነበር። ከቀረጻዎቹ የሰሙት የልጆቹን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የራሳቸውንም ነበር፤ መቼ እንዳቋረጡ፣ የልጁን ሐሳብ መቼ ወደ ራሳቸው ትምህርት እንደጎተቱት ጭምር። ይህ ለማንም መምህር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የማስተማር ለውጥ ከዚህ በላይ በቶሎ የሚጀምርበት ቦታ አላውቅም።

የ15 ደቂቃውን ቅጂ በሙሉ መገልበጥ አይጠበቅብዎትም። አንድ ጊዜ ያዳምጡትና ልጆቹ በጣም የተመሰጡበትን ወይም እርስዎን ግራ ያጋባዎትን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይምረጡ። ያንን ክፍል ዝምታውንና እንቅስቃሴውን ጨምሮ ቃል በቃል ያስፍሩት። ለአብነት እንዲሆን፣ ልጆች በብሩሽና በውሃ የውጭ ግድግዳ ላይ ሥዕል እየሣሉ ነው እንበል። ጽሑፉ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

ሀ፦ «ሥዕሌ ጠፋ!»

ለ፦ «ግድግዳው ጠጣው።»

ሀ፦ «ግድግዳ አፍ የለውም።»

ለ፦ «አለው። ትንንሽ አፍ። እዪው፣ ይሄ፣ ይሄ…» (የግድግዳውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በጣቱ ይነካል)

መምህር፦ «ትንንሽ አፍ አለው።»

(6 ሴኮንድ ያህል ዝምታ)

ሐ፦ «የኔ ፀሐዩ ጋ ያለው ቶሎ ጠፋ። ጥላው ጋ ያለው ግን አሁንም አለ።»

ለ፦ «እዚያ በጣም ጠምቶታል።»

እርምጃ 6፦ ከባልደረቦች ጋር ያንብቡት

ብቻውን የሚያነብ ሰው የሚደርስበት አንድ ትርጉም ነው። በሬጆ ኤሚሊያ በአንድ ክፍል ሁለት መምህራን አብረው እንዲሠሩ መደረጉና ከልጆች ውጭ የሚሰበሰቡበት ሰዓት በሥራ ሰዓታቸው ውስጥ መካተቱ አንድን ክስተት ከአንድ በላይ ዓይን እንዲያየው ያስችላል። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውን የፕሮስፔክት ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዷ ፓትሪሺያ ካሪኒ ደግሞ መምህራን ስለ አንድ ልጅ ተሰብስበው በየተራ የሚናገሩበትን፣ ከፍርድ በፊት ገለጻ የሚቀድምበትን የውይይት ሥርዓት አዳብረዋል። ከሁለቱም ተነሥቶ የሚከተለውን አካሄድ መያዝ ይቻላል።

ጽሑፉ ለሁሉም ይታደልና ድምፅ ተሰጥቶት ይነበብ። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ሰው ያስተዋለውን ብቻ ይናገር፤ ትርጉም መስጠት አይፈቀድም። በሁለተኛው ዙር ትርጉም ይቀርባል፤ ነገር ግን ተናጋሪው ትርጉሙ የተመሠረተበትን መስመር በጣቱ ማሳየት አለበት። መስመሩን ማሳየት ካልቻለ ሐሳቡ ስለዚያ ልጅ ሳይሆን ስለ ልጆች በጠቅላላው ካለው እምነት የመጣ ነው። በሦስተኛው ዙር «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ተብሎ ለዚያው መስመር ቢያንስ ሁለተኛ ትርጉም ይፈለጋል።

በግድግዳው ውይይት ላይ ይህንን ብንሞክረው፣ ፈጥኖ የሚመጣው ትርጉም «ልጆቹ ትነት ምን እንደሆነ አያውቁም» የሚል ነው። ፒያዤን ያነበበ መምህርም ግዑዝን ነገር ሕይወት እንዳለው አድርጎ ማሰብ በዚህ ዕድሜ የተለመደ መሆኑን ያስታውሳል። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ልጁን ከመስማት ያሳርፉናል። መስመሮቹን ቀረብ ብለን ስናያቸው ሌላ ነገር እናገኛለን። ልጅ ለ የተናገረው ያለ ማስረጃ አይደለም፤ ተቃውሞ ሲቀርብበት ቀዳዳዎቹን በጣቱ አሳይቷል። በእርግጥም የተለሰነ ግድግዳ ጥቂት ውሃ ስለሚመጥ ሐሳቡ በከፊል እውነት ነው። ልጅ ሐ ያለ ማንም ጥያቄ ፀሐይና ጥላን አነጻጽራለች፤ ይህም የመጣው ከመምህሩ ዝምታ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚገርመው የመጨረሻው መስመር ነው። ልጅ ለ የቀረበለትን አዲስ ማስረጃ አልካደም፤ «እዚያ በጣም ጠምቶታል» ብሎ በራሱ ሐሳብ ውስጥ ቦታ ሰጠው። አዲስ መረጃ ሲመጣ የያዙትን ሐሳብ ሳይጥሉ ማስፋት አዋቂዎችም የሚያደርጉት ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ስለ ውሃ ምን አያውቁም ብለን ብንጀምር ኖሮ ማስረጃ አቅርበው ሲከራከሩ አናያቸውም ነበር።

በተቋምዎ የሚወያዩበት ባልደረባ ከሌለ፣ ስሞችን አውጥተው ከሌላ ተቋም ከሚያስተምር ጓደኛ ጋር ያንብቡት። የልጁ ወላጅም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሊያውቀው የማይችለውን ቁልፍ ይሰጣል።

እርምጃ 7፦ የሰሙትን ወደ ልጆቹ ይመልሱ

ጥናቱ በመምህራን ስብሰባ ካበቃ ልጆቹ ምንም አላተረፉም። በማግሥቱ ወይም በዚያው ሳምንት የተናገሩትን ያንብቡላቸው፦ «ትናንት ግድግዳው ትንንሽ አፍ አለው ብለህ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ፀሐዩ ጋ ቶሎ ይጠፋል ብለሽ ነበር።» ልጆች ቃላቸው ተጠብቆ ሲመለስላቸው ሐሳባቸውን ያሻሽላሉ፣ ይጨምራሉ፣ አንዳንዴም «እንደዚያ አላልኩም» ይላሉ፤ ያም ይመዘገባል።

ቀጥሎ ሐሳባቸውን ራሳቸው የሚፈትኑበትን ነገር ያቅርቡ። ለዚህ ምሳሌ አንድ የብረት ዝርግ፣ አንድ መስታወት፣ ቁራጭ ጨርቅና ድንጋይ ከውሃና ከብሩሽ ጋር ማስቀመጥ ይበቃል። ቀዳዳ የማይታይበት ብረት ላይ የተሣለው ሥዕልም ሲጠፋ ልጅ ለ ምን ይላል? ከማቅረብዎ በፊት ይሆናል ብለው የሚያስቡትን ይጻፉና ከሚሆነው ጋር ያነጻጽሩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዕቃዎቹ የሚቀርቡት ልጁን ስሕተቱን ለማሳየት አይደለም። ድምፅዎ «አየህ፣ ብረቱ አፍ የለውም» የሚል ቃና ከያዘ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ሐሳቡን ለራሱ ይይዛል። ትነት የሚለውን ቃል ማስተማር የሚቻልበት ጊዜ ይመጣል፤ ልጆቹ ቃሉን የሚያስቀምጡበት የራሳቸው ጥያቄ ሲኖራቸው ቢመጣ ይመረጣል። ሥዕል፣ ጭቃና ጡብም ያቅርቡላቸው፤ በቃል ያልወጣ ሐሳብ በእጅ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

እርምጃ 8፦ በደብተርዎ ውስጥ የሌሉትን ልጆች ይፈልጉ

ከሁለት ሳምንት በኋላ የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዘው እያንዳንዱ ልጅ በማስታወሻዎ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ይቁጠሩ። ደጋግመው የሚገኙት ደፋሮቹ፣ ተናጋሪዎቹና ረባሾቹ ናቸው፤ ጸጥ ብለው የሚውሉት አንድም ጊዜ ላይነሡ ይችላሉ። ይህ ቆጠራ የማንንም መምህር ልብ ይነካል፤ መደረግም አለበት። ቀጣዮቹ ምልከታዎች ላልተነሡት ልጆች ይመደቡ።

ለእነዚህ ልጆች ከጥያቄ ይልቅ ሌላ መንገድ ያዋጣል። ለንደን ውስጥ አሊሰን ክላርክና ፒተር ሞስ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ባደረጉት አካሄድ፣ ዕድሜያቸው 3ና 4 ዓመት የሆኑ ልጆች ካሜራ ተሰጥቷቸው በተቋሙ ውስጥ አስፈላጊ የሚሉትን ቦታ ፎቶ እንዲያነሡ፣ ጎብኚውን እየመሩ እንዲያስጎበኙና ከፎቶዎቹ ካርታ እንዲሠሩ ይደረጋል። መናገር የማትወድ ልጅ እጅዎን ይዛ ከበሩ ኋላ ያለችውን ጠባብ ጥግ ካሳየችዎት፣ ክፍሉ ለእሷ ምን እንደጎደለው ነግራዎታለች። በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ፌሬ ላቨርስ ያዘጋጁት ባለ 5 ደረጃ የተመስጦ መለኪያም ለዚህ ይረዳል፤ ልጁ ለምን ያህል ጊዜ እንደተመሰጠ፣ ፊቱና አካሉ ምን እንደሚያሳይ በማየት ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ንግግር አይጠይቅም።

በቤት ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ በተለይ ይታሰብ። በትምህርቱ ቋንቋ ዝም የሚል ልጅ በራሱ ቋንቋ ሲጫወት ለብቻው የሚያወራውን ቀድቶ ወላጁ እንዲተረጉመው ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ሳይደረግ «ንግግሩ ዘግይቷል» ተብሎ የሚጻፍበት ልጅ በደል ይደርስበታል።

እርምጃ 9፦ ለሌሎች የሚታይ ሰነድ ያዘጋጁ

ሰነዱ አጭር ይሁን፤ ጥያቄው፣ ከልጆቹ ንግግር ጥቂት መስመሮች፣ አንድ ሁለት ፎቶ ወይም ሥዕልና የመምህራኑ ግምት ይበቃሉ። በኒው ዚላንድ ማርጋሬት ካርና ባልደረቦቻቸው ያስፋፉት አጻጻፍ ደግሞ ልጁ የጎደለውን ሳይሆን የሠራውን በትረካ መልክ ለልጁና ለቤተሰቡ የሚያቀርብ ነው። የትኛውንም መልክ ቢመርጡ፣ ልጁ አድጎ ቢያነበው የሚያሳፍረውን ነገር በግድግዳ ላይ አይለጥፉ፤ ጠብን፣ ለቅሶንና የቤት ምስጢርን የሚመለከት ማስታወሻ በደብተር ውስጥ ይቀመጥ። የልጆችን ምስልና ድምፅ በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ለጥናት ከተሰጠው ፈቃድ ውጭ ነው።

ልጆቹ ብዙ ረዳትም የለም ለሚሉ

ብዙ ልጆችን ብቻውን የሚይዝ መምህር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጀመር አይችልም፤ መሞከርም አይጠበቅበትም። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ የልጅ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ቃል በቃል፣ ከማን እንደተሰማና ምን እየተደረገ ሳለ እንደሆነ ይጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት ዓረፍተ ነገሩን ያስከተለውንና የተከተለውን ይጨምሩ። በሦስተኛው አንድ የ5 ደቂቃ ቅጂ ይሞክሩ፤ ከባልደረባ ጋር የሚያነቡት በወር አንዱን ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ኃላፊዎች በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው፤ ለውይይቱ ከሥራ ሰዓት ውስጥ ጊዜ ካልተቆረጠለት መምህሩ ደክሞ የሚተወው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ይሆናል።

ጥናቱን የሚዘጉት ልጆቹ ጉዳዩን ሲተዉት ወይም አዲስ ምልከታ ከቀድሞው የተለየ ነገር ማሳየት ሲያቆም ነው። በዚያን ጊዜ በእርምጃ 1 ላይ የጻፉትን ግምት አውጥተው ከማስታወሻዎችዎ ጋር ያነጻጽሩ፤ የተረጋገጠውን፣ የተለወጠውንና ፈጽሞ ያላሰቡትን ለይተው በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከገጹ በታች በክፍሉ አደረጃጀት፣ በቀኑ ፕሮግራም ወይም በአነጋገርዎ ላይ ከሰሙት ተነሥተው የለወጡትን አንድ ነገር ያስፍሩ። የለወጡት ነገር ከሌለ በእርምጃ 6 ላይ ያለውን ሦስተኛውን የውይይት ዙር ከባልደረቦችዎ ጋር ይድገሙት፤ ካለ ደግሞ ለውጡ በልጆቹ ላይ ያመጣውን ማየት ቀጣዩ የጥናት ጥያቄዎ ይሆናል።